ለስምንት ሲካፈል

አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛው ላይ እየተንገጫገጨ ይዞራል። ጠጋኟ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ሞቋል። ጠዋት ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ነበር የተነሳላት። እንዲህ ያለው ዲስክ አንዴ ካቆመ ዳግመኛ እንደማይነሳ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ነው። ያረጁ ኮምፒውተሮችን ሆድ እየከፈተች ሰው ከነአካቴው ጠፋ ያለውን ስታወጣ ዓመታት አልፈዋል። የዛሬው ግን የደንበኛ ዕቃ አይደለም፤ በቅርቡ የቀበሩት አባቷ ዲስክ ነው።

«ከምሳ በፊት ሁሉንም ገልብጬ እጨርሳለሁ» ብላ ነበር ለታላቅ ወንድሟ። እሱ ከሩቅ አገር ለቀብር ሲጣደፍ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ለቅሶውን ተቀምጦ ነገ ሊመለስ ነው። አሁን በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እሷ ስክሪኑን ታያለች። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ የተገለበጠው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ዲስኩን ከላፕቶፗ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽዬ አዳፕተር ገልብጣ ጽሑፉን አነበበች። አሥራ ሁለት ይላል። አሥራ ሁለት ሜጋቢት።

«ወይኔ!» አለች።

ጠዋት ሜጋባይት ብላ ነበር ያሰላችው። ስምንት ቢት ነው አንድ ባይት የሚሞላው። አሥራ ሁለቱ ለስምንት ሲካፈል በሰከንድ አንድ ተኩል ሜጋባይት ይሆናል፤ በዚህ በሚያነክስ ዲስክ ደግሞ አንዷም ከተገኘች ተመስገን ነው። የዲስኩ ጠፍጣፋ ገመድማ መቶ ያሳልፋል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ውሃ የሚወርደው በጠባቡ ቧንቧ ልክ ነው። «ኢንተርኔቱ የተባለውን ያህል አይፈጥንም» እያሉ ለሚያማርሩ ደንበኞች «ለስምንት አካፍሉት እንጂ!» እያለች ስትቆጣ የኖረች ሴት! ፈጣኑ አዳፕተር እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እሱን ለመቀየር ግን ዲስኩን ማጥፋት ግድ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የታመመ አባት ያገላበጠ ሰው ዓይኑ እያየ እጁ የተሳሳተውን ያነሳል።

የሠፈሩ መብራት በተራ የሚጠፋበት ቀን ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል። መጠባበቂያ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

«ወንድም ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ሁሉም አይደርስም።»

ቀና አለ። «ሠርጌስ?»

የሠርጉ ፊልም። እናታቸው በሕይወት ሳለች የተቀረጸችበት ያ ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ የአባታቸው ድምፅ አለ፤ ከሥራ ሲመለስ ማይክሮፎን ይዞ የልጅነቱን ጉድ ለራሱ ሲያወራ የቀረጸው። እሷ የምትፈልገው እሱን ነበር። ፊልሙ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ግማሹ ቢገለበጥ አይከፈትም። ደግማ አሰላችው። አሁን ከተጀመረ ለጥቂት ይደርሳል። ድምፆቹም ተደምረው ያንኑ ያህል ይፈጃሉ። አንዱን ያነሳ ሌላውን ይጥላል።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። «ፊልሙ አይደርስም» ብትለው አምኗት ቁጭ ይላል፤ ስለ ቢትና ባይት ምን ያውቃል? ደግሞስ ማን አስታመመ? ማን አጠበ፣ ማን አጎረሰ? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ደክሟታል፤ ለመዋሸት እንኳ ጉልበት ይጠይቃል።

«ይደርሳል» አለች። «ለጥቂት። ግን የአባባ ድምፅ ይቀራል። ምረጥ።»

ስልኩን እጁ ላይ አገላበጠ። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ፣ «ፊልሙን» አለ።

ከፋት። ቀድሞ የጀመረችውን አቋርጣ ፊልሙን አስጀመረች።

ተቀመጡ። ዲስኩ ይንገጫገጫል። ብዙ ቆይቶ፣ «የአባባ ድምፅ መቼ ነው የተዘጋው?» አላት።

«የዛሬ ዓመት። ደውልለት ስልህ አልነበር?»

«አይናገርም አልሽኝ እኮ። ምን ብዬ…»

«ይሰማ ነበር» አለች። «ጆሮው ምንም አልሆነም ነበር።»

 ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ በኋላ አላወጣውም።

ፊልሙ አለቀ። ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ተስገብግባ የድምፆቹን ፎልደር ከፈተች፤ ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው። ትንሿን ፋይል መርጣ ላከቻት። ገባች። ሁለተኛዋን ስትጀምር መብራቱ ጭልም አለ፤ መብራት ኃይል መቼ ቀጠሮ አክብሮ ያውቃል! ዲስኩ ማጓራቱን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ አንዴ ቋ አለና ቆመ። እጇን ጣል አደረገችበት። ሙቀቱ ገና አልወጣለትም።

መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ የላፕቶፑ ብርሃን ብቻ ቀረ። ወንድሟ ዱካውን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ፊልሙን ልክፈትልህ?»

«የእሱን ክፈቺ።»

ከፈተችው። መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት ተሰማ፣ ቀጥሎ የጉሮሮ መጥረግ፣ ቀጥሎ ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ድምፅ።

«አንድ… ሁለት… ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ? ኧረ እናንተ ልጆች! ይሰማል?»

ከዚያ ጸጥታ። ከጓዳ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ይተነፍሳል። በቃ፣ የደረሳት ፋይል የሙከራ ነው። ወደ ወንድሟ ዞረች። ሊመልስለት አፉን ከፍቷል፤ ቃል ግን አልወጣውም። ልትረዳው ፈለገችና ተወችው። ቀረጻው ገና አላለቀም፤ አባታቸው እየጠበቀ ነው።