በእትዬ ሻንታ ስም

ጋሼ ቺማንላል ሱቅ ጨርቅ መለካት የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ ከጎጃም በመጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። ሱቃቸው ከጎጃም በረንዳ ዝቅ ብሎ ነበር። የሕንድ ሰው ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ጄይን ይባላል። ነፍስ ያለው ነገር አይገድሉም፣ ሥጋ አይቀምሱም፣ ሽንኩርት እንኳ አይነኩም። አይጥ ጣቃ ስትበላባቸው ከነሕይወቷ በወጥመድ ይዘው እህል መጋዘኖቹ ጋ ወስደው ይለቋት ነበር። ባለመጋዘኖቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ወጥመድ ውስጥ የሚከቱት እሳቸውን ነበር። እኔ አፌን ዘግቼ ኖርኩ፤ እወዳቸው ነበር።

ሚስታቸው እትዬ ሻንታ በ1971 ዓ.ም. ሞቱ። በአገራቸው ደቭፑር የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ ተራራ አለ፤ ተራራው ጫፍ ላይ በነጭ ድንጋይ የተሠሩ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ሦስት ሺህ ደረጃ ነው። እትዬ ሻንታ ያንን በእግራቸው ሊወጡ ተስለው ነበር። ስለታቸውን ሳያደርሱ አዲስ አበባ ቀሩ። ጋሼ ቺማንላል በእሳቸው ፈንታ ሊሄዱ ሦስት ጊዜ የመውጫ ቪዛ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜም "ይጠብቁ" ተባሉ። ሲጠብቁ ጉልበታቸው ሄደ፣ ልባቸውም ታመመ።

በዚህ መሀል እኔ አንድ የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ማከፋፈያ ተቀጥሬ "ጓድ ሀብተ ወልድ" ሆኛለሁ። በ1976 ለሦስት ወር ሥልጠና ሕንድ አገር እንድሄድ ተመረጥኩ። ልሰናበታቸው ብሄድ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ሀብቴ፣ ልጅ የለኝም። ደቭፑር ሂድልኝ። ደረጃውን ውጣና ላይ ስትደርስ ስሟን ጥራልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ይቺ ምን አላት ጋሼ? በሩጫ ነው የምወጣልዎት!" አልኩ።

መሄዱንስ ሄጃለሁ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። በመጨረሻው እሑድ ስድስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተንገጫግጬ ደቭፑር ደረስኩ። ነጭ የለበሱ ሴት መነኮሳት በባዶ እግራቸው ይወርዳሉ። አሮጊቶች በዘንግ እየተደገፉ ይወጣሉ። ያልቻለውን ሁለት ተሸካሚዎች በወንበር አንጠልጥለው ይወስዱታል። እኔም ልከተል ስል ደረጃው ሥር የቆመው ዘበኛ እግሬን አየና እጁን አወናጨፈ። ቆዳ አይገባም ማለቱ ነው። ጫማዬ ቆዳ፣ ቀበቶዬ ቆዳ፣ መርካቶ ወስጄ የምሸጠው ሸቀጥ የታጨቀበት ቦርሳዬም ቆዳ! ዘበኛው መደርደሪያ አሳየኝ። የመቶ ሰው ጫማ ተደርድሮበታል፤ የሚጠብቀው ግን የለም።

እንግዲህ እኔ የመርካቶ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ ጫማዬን አውልቄ በብብቴ ነው የምይዘው። ያንን ሁሉ ሸቀጥ ለማላውቀው ሰው ጥዬ ተራራ ልውጣ? "ትንሽ ልረፍ" ብዬ ሻይ ቤት ገባሁ፤ የመመለሻው አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስም ከዚያ አልተነሣሁም። ኋላ ላይ "ክርስቲያን ሆኜ የሰው አምልኮ ቤት ምን እሠራለሁ?" እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ውሸቴን ነው። የያዘኝ ቦርሳው ነው።

ልሳፈር ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ግሸን ማርያም ደርሶ የተመለሰ ሰው ጠበል ወይም እምነት ሳይዝ አይመጣም። ባዶ እጄን ብገባ ማን ያምነኛል? ከሻይ ቤቱ አጠገብ ካለ ሱቅ በስኳርና በሰሊጥ የተሠራ ጣፋጭ ገዛሁና በነጭ ጨርቅ ቋጠርኩት።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ጋሼ ቺማንላል ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ጠበቁኝ። ወጣሁ አልኳቸው። የድንጋዩን ቅዝቃዜ፣ የላዩን ነፋስ፣ የእትዬ ሻንታን ስም ሦስት ጊዜ መጥራቴን አወራሁላቸው። አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ እንዲህ ያለሁ ጉድ ነኝ።

"ደረጃው አልከበደህም?"

"ኧረ ቀላል ነው ጋሼ! ያለ ዕረፍት ነው የወጣሁት።"

ከዚያ ቋጠሮውን አወጣሁ። "ይሄ ከላይ ከመቅደሱ ነው። ካህኑ በእጁ ነው የሰጠኝ።"

ፊታቸው ተለወጠ። የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

"ሀብቴ፣ እኛ ዘንድ ለመቅደስ የቀረበ ነገር ተመልሶ አይወሰድም፤ አይበላምም። መውሰዱ ራሱ ኃጢአት ነው።" ድንጋጤዬን አይተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "አንተ በምን ታውቃለህ? ያጠፋው የሰጠህ ሰው ነው። ግን የተወሰደው በሻንታ ስም ነው። እኔው ራሴ ሄጄ መመለስ አለብኝ።"

"በዚህ ልብዎ?"

"በዚህ ልቤ።"

"ከሱቅ ነው የገዛሁት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አሁን በደስታ ያለቀሱ ሰው ፊት ውሸታም መባልን ፈራሁና ውሸታም ሆኜ ቀረሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ ሆነ። ደግሞስ ቪዛውን ማን ይሰጣቸዋል ብዬ ተማምኜ ነበር። ሦስት ጊዜ ያጉላላቸው መሥሪያ ቤት በአራተኛው በሃያ ቀን ፈቀደላቸው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ከሲኒማ ራስ እስከ ቦሌ ታክሲው ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሳቸው ቋጠሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

በሁለተኛው ወር ከወንድማቸው ልጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። አጎቱ መሀል መንገድ ላይ ሲደክማቸው ተሸካሚዎቹ ወንበር አቀረቡላቸው። እንቢ አሉ። "ሀብቴ በእግሩ ነው የወጣው፤ ቀላል ነው ብሎኛል" አሉ። ጥቂት ደረጃ እንደወጡ ተቀመጡ። ከተቀመጡበት አልተነሡም።

የተቀረው የደብዳቤው ክፍል ምስጋና ነው። ለአክስቱ ነፍስ ብሎ የሰው አገር ተራራ የወጣ ሰው ከቤተሰብ እንደሚቆጠር ጽፏል። ሳሎናቸው ውስጥ ከሁለቱ ሙታን ፎቶግራፍ አጠገብ የሚሰቅሉት የእኔን ፎቶግራፍ እንድልክላቸውም ለምኖኛል።

አልላክሁም። እውነቱንም አልጻፍኩላቸውም።