ፑላካው የሚበላው

ፓሴፓ እባላለሁ። እዚህ ሱቫ ከተማ፣ የዕፅዋት ማሳያው ግቢ ውስጥ ተማሪዎችን አስጎበኛለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "ቅጠል አትበጥሱ!" ስል ጉሮሮዬ ደርቋል።

ከዚያ ሁሉ ተክል የኔ የምለው አንድ ነው፤ ፑላካው። የአገራችን የቱቫሉ ጎደሬ በሉት። ባሕሩ ደሴታችን ላይ አባቴ ፑላካ የሚተክልበትን ጉድጓድ ጨው ሲያደርገው ተርፎ ከአባቴ ጋር ወደዚህ የመጣው ይኸው አንድ ችግኝ ነው። እሱም ካለፈው ወር ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ፑላካ የበሰበሰ ቅጠል ሥሩ ላይ ካላለበሱት አይኖርም። የትኛው ቅጠል ይቀድማል፣ የትኛው ይከተላል፣ ያን የሚያውቀው አባቴ ኢየሌሚያ ብቻ ነው። የየቤቱ ምስጢር ነዋ! ለሴት ልጅ አይነገርም፤ አግብታ ለባሏ ቤት ታቀብላለች። እኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ይሄ ሰውዬ ያልመጣ ባል ፈርቶ ነው የደበቀኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ከሁለቱም ይብሳል።

አንድ ማክሰኞ፣ ሱቫ የሚኖሩ የቱቫሉ ሰዎች ልጆች ከትምህርት ቤት ሊጎበኙ ሲመጡ፣ አባቴንም ከነዱላው ይዤው ሄድኩ። ቢጫውን ሲያይ ዱላውን ወደኔ ቀሰረ።

"በራብ ገደልሽው እኮ!"

"አንተ ነህ እንጂ የገደልከው! ምን እንደሚበላ ንገረኛ!"

ሊናገር አፉን ከፈተ። ይሄኔ አንዲት ቀጭን ልጅ እርሳሷን ይዛ ከች አለች።

"አክስቴ፣ ይሄ ምን ይበላል? ጥያቄ አምስት ነው።"

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አላት አባቴ።

"የፔኒቱሲ የልጅ ልጅ ነኝ።"

አፉ ግጥም አለ። ከፔኒቱሲ ጋር 'የማን ፑላካ ይበልጣል' እየተባባሉ ስልሳ ዓመት ተፎካክረዋል።

"ግድግዳም ጆሮ አለው" አለኝ ወደኔ ጠጋ ብሎ። "ይቺ ደግሞ እርሳስም አላት። ሲሄዱ እነግርሻለሁ።"

እነግርሻለሁ! በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ልጆቹን እንደ ዶሮ እሽ እሽ ብዬ አውቶቡሱ ውስጥ ከተትኩና ሮጬ ተመለስኩ።

ግራ ቀኙን አየ። አንገቴን ይዞ ወደ አፉ አስጠጋኝ።

"መጀመሪያ..." አለ በሹክሹክታ። "መጀመሪያ ያ ባሕር ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ወፍራም የሆነው... አይደለም፣ እሱ የፔኒቱሲ ነው።" በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። "መጀመሪያ..."

"ቀስ በል አባዬ። ማንም የለም።"

"የለም፣ ፓሴፓ" አለኝ። ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እዚህ ነበር። የለም።"

እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ንዴት ነው፣ አልዋሽም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ቅጠል ሁሉ አለበስኩት። አንዱም አልሆነለትም።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ትምህርት ቤት መጣ። ፑላካው የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ የቀረው የስሙ ሰሌዳ ብቻ ነው። አንዱ ተማሪ ሰሌዳውን አነበበና ወረቀቱን አወጣ።

"አክስቴ፣ ምን ነበር የሚበላው?"

"የቤታችን ምስጢር ነው" አልኩት።