ኤዲሪስ ማማ ብቻቸውን ያዩዋት ነብር

አባቴን ነብር ለማሳየት ብዬ በጂፔ ጎብኚ የምጭንበትን የዓመቱን ትልቅ ገበያ መተዌን የሰማ ሁሉ «ኡፑል አበደ» አለ። ይበል! በፖሶን ፖያ፣ በሙሉ ጨረቃው በዓል፣ ከኮሎምቦ የሚጎርፈው ሰው ጂፕ አጥቶ ይለማመጣል። እኔ ግን የኋላ ወንበሩን ባዶ አድርጌ፣ ታታን፣ አባቴን፣ አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ፓርኩ በር ነዳሁ። የዓይን ሐኪሙ እቅጩን ነግሮናል፤ ቀዶ ጥገናም አይመልሰው፣ ዝናቡ ሳይገባ የአባቴ ብርሃን ይጠፋል።

ታታ፣ አገሬው «ኤዲሪስ ማማ»፣ አጎት ኤዲሪስ፣ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህ ጫካ ጎረቤት ናቸው። በእኛ በኩል ያለው ዱር ወደ ፓርኩ ሳይጨመር ማር ቆርጠውበታል። የነብር ዱካ አይተዋል፣ ሲያጉረመርም ሰምተዋል፣ የጎረቤት ጥጃ ወስዶ ያፈሰሰውን ደም ረግጠዋል። እሱን ራሱን ግን አንድም ቀን አላዩትም። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ፈረንጅ አይቶት፣ ፎቶ አንስቶት ይሄዳል! ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እሳቸው አያማርሩም፤ አንድ ቀን ብቻ «አንተ ለሰው ሁሉ ታሳያለህ» አሉኝ። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

እናቴ በጠዋቱ ስታወርድብን ነበር። «በፖያ ሰው ቤተ መቅደስ ይውላል፤ አንተ ሽማግሌውን ይዘህ አውሬ ታሳድድ!» እያለች በኮኮናት ወተት የተቀቀለውን ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ጭናቸው ላይ ወረወረችው። ታታ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ቤተ መቅደስ ሄደው፣ መነኩሴው ፊት ተንበርክከው አምስቱን ቃል ገብተው ተመልሰዋል፦ ላይገድሉ፣ ላይሰርቁ፣ ላይዋሹ፣ የቀረውንም። ነጭ በነጭ ለብሰው ሙሽራ መስለዋል።

ጠዋት ምንም የለም። ቀትር ላይም ምንም። ዝሆን አየን፤ ታታ «ዝሆንማ በየሳምንቱ ሙዜን ይበላል፣ ለእሱ አልመጣሁም» አሉ። አዞ አየን፣ ጣዎስ አየን። አንዴ «ነብሩ እኮ ወደዚህ...» ስል ጭኔን ቆነጠጡኝ፤ ጫካ ውስጥ ስሙ አይጠራም። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ከኩሬው ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስበር ዋልኩ። ፓርኩ የሚዘጋው ሊመሽ ሲል ነው፤ ፀሐይዋ በወረደች ቁጥር ነዳጁን ይበልጥ እረግጥ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ዲሙቱ ነው፤ አፈኛ ግን ቅን የሆነ፣ እኔን «አይያ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሚለኝ ወጣት ሹፌር።

«አይያ! ትልቁ ድንጋይ ጋ፣ መንገድ ዳር ተኝታለች! ሴቷ ናት! በረር በል!»

በረርኩ። ስንደርስ ጂፑ ግራና ቀኝ ተቆላልፎ መንገዱ ጠፍቷል። የጂፔን አፍንጫ እየሰነቀርኩ ገባሁ። «አንተ፣ ቱሪስት እንኳ አልጫንክ፣ ምን ያጣድፍሃል?» አለኝ አንዱ። «አባቴን ነው የጫንኩት! ዞር በል!» አልኩና በጩኸትም በክርንም ፊተኛውን ቦታ ያዝኩ።

«የታለች?» አሉ ታታ።

«ያቻትና! ከደረቀው ግንድ በስተግራ።»

«ሣር ነው።»

«ሣር አይደለም ታታ! ጆሮዋ ሲንቀሳቀስ አይታይዎትም?»

ዓይናቸውን አጠበቡ፣ አንገታቸውን አሰገጉ። በቢጫ ሣር ላይ ቢጫ ነገር፣ ለእሳቸው ዓይን ሁሉም አንድ ነው። «አይዞዎት፣ ትነሳለች። ቀዩ መንገድ ላይ ስትወጣ ጥርት ብላ ትታይዎታለች» አልኳቸው። አለቀ፣ ዛሬ ያዩዋታል ብዬ ልቤ ዘለለ።

ታታ እጃቸውን አነሱ። «እስቲ ዝም በል። ማዶ ልጅ ያለቅሳል።»

ከመንገዱ ማዶ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። ግልገሏ ናት። እናቲቱ ተነሳች፣ ወደ መንገዱ ተራመደች፤ አንዱ ሹፌር ሞተሩን ሲያስጓራ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ደግማ ሞከረች፣ ካሜራው ሁሉ ከፊቷ ተደቀነ፣ ተመለሰች። ይባስ ብሎ ማዶ ያለ አንድ ጂፕ የተሻለ ቦታ ላግኝ ብሎ የኋሊት ቁጥቋጦውን እየጨፈለቀ ገባ። ግልገሏ እሪ አለች።

«መንገድ ልቀቁላት!» ብዬ ጮህኩ።

«ቅደማ አይያ! አንተ ልቀቅና እናያለን!» አለ ዲሙቱ ከጎኔ።

እውነቱን ነው፤ የለቀቀ ቦታውን ያጣል። እኔም ንቅንቅ አላልኩም። አባቴ አላዩም እኮ!

ይሄኔ ታታ የፊት መስታወቱን ጠርዝ ይዘው ክፍቱ ጂፕ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር።

«ድብ! ኩሬው ጋ፣ ፓሉ ዛፍ ላይ! ሁለት ግልገል አዝላ ፍሬ እየበላች ነው! አሁን ስንመጣ አየናት!»

ድብ ከነግልገሎቿ ዛፍ ላይ! የፓሉ ፍሬ በሚበስልበት በዚህ ወር ሹፌር ሁሉ የሚያልመው ይሄንኑ ነው። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ በፖያ ቀን ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ደግሞ በመላው ስሪላንካ አይገኝም። እኔ ራሴ «መቼ አየናት?» ብዬ ለቅጽበት ግራ ገባኝ። ሞተሩ ሁሉ በአንዴ ተነሳ፣ ጂፑ እየተጋፋ ዞረ፣ ዲሙቱም ፊት ፊት እየቀደመ ከነፈ። አቧራው ውስጥ ብቻችንን ቀረን።

«ታታ! ጉድ ሠሯቸው እኮ!» በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ። «በሉ ይቀመጡ፣ አሁን ትወጣለች!»

«ንዳ» አሉኝ።

«ምን?»

«አንተም ንዳ። እዚህ ከቀረን ለራሴ ብዬ ዋሸሁ ማለት ነው።»

«አፈር ስሆን ታታ! ትንሽ ብቻ! ሌላ ጊዜ እኮ የለም፣ ዓይንዎ...»

«ዓይኔን እኔ አውቀዋለሁ። ንዳ ብያለሁ፣ ልጄ።»

በአምሳ ዓመቴ አባቴን እምቢ ማለት አልችልም። ነዳሁ። መሪውን በቡጢ እየደበደብኩ፣ በንዴት እያለቀስኩ ነዳሁ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ፤ አንዴም አልዞሩም። እኔ ግን የኋላ ማሳያውን መስታወት አየሁ። ወጣች። ቀዩ መንገድ መሀል ላይ ቆመች፣ በእኛ በኩል አየት አደረገች፣ ተሻገረች። ግልገሏ ከቁጥቋጦው ተንደርድራ ሆዷ ሥር ገባች።

«ተሻገረች?»

«ተሻገረች።»

«እሰይ» አሉ፤ ሌላ አልጠየቁም።

በሩ ጋ ዲሙቱ ወገቡን ይዞ ጠበቀን፣ ሌሎቹም ከኋላው። «ኤዲሪስ ማማ! ድቧ የታለች?»

«የለችም። ዋሽቻለሁ።»

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ኧረ በሽማግሌው! ብቻቸውን ሊያዩ! ያውም በፖያ!»

«አላየኋትም» አሉ ታታ።

«እሺ፣ አላዩም!» ዲሙቱ ዓይኑን ጠቀሰ። ልወርድበት ስል ታታ ክንዴን ያዙኝ። እሱ ግን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሁን ማማ፣ ይገባዎታል። ደስ አትልም?» አላቸው። ታታ በእጃቸው ንዳ አሉኝ።

ቲሳ ከተማ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ሻይ ቤቱ ጋ ሰው ወንበሩን ትቶ ወጣ፤ «ብቻቸውን ያዩት መጡ! ማማ፣ እስቲ ያውሩልን!» ይላል። «አላየሁም» ይላሉ፣ ሰው ይስቃል። ደግመው «አላየሁም» ይላሉ፣ ሰው ጭራሽ ያጨበጭባል። እኔ ደሜ ፈልቶ መኪናውን አስነሳሁ።

የከተማዋን ሐይቅ ይዘን ስንሄድ ጠሩኝ። «ኡፑል።»

«አቤት ታታ።»

«መስታወቱን ስታይ ነበር። መኪናው ሲወላገድ አውቄያለሁ።»

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

«አገሩ ሁሉ አየህ ካለኝ አይቀር፣ ያየሁትን እንኳ ልወቀው» አሉኝ።

ሐይቁ ዳር አቆምኩ። ለፈረንጅ ቀኑን ሙሉ የምለፈልፈው ሰውዬ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ታታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከጅራቷ ጀምር። ደግሞ ቶሎ አትጨርሳት» አሉ።

ከጅራቷ ጀመርኩላቸው።