የኢሞንግ ሞክሼ

የዛፍ ካንጋሮዋን በልጄ ስም ሲጠሯት ባሌን ነው ያስፈቀዱት፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። የጫካ ጠባቂዎቹ ከዛፍ ስትዘል ጅራቷን ይዘው፣ ያለችበትን የሚጠቁም ሬዲዮ ያለው ማሰሪያ አንገቷ ላይ አጠለቁና «ኢሞንግ ትባል» አሉ። ስም ያለቀባቸው ይመስል! መንደሩ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ፈራሁ። እኛ ዘንድ የሞክሼ ዕጣ አንድ ነው፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይተኛል።

ዘንድሮ ልጄ ምግብ እምቢ አለች። ጎደሬ ብቀቅልላት፣ ስኳር ድንች ብጠብስላት ፊቷን ታዞራለች። በዚያው ሰሞን የካንጋሮዋ ሬዲዮ ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አላለም ተባለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ልጄን ለአማቴ ለሶሪንጋ ትቼ ከዮዋንግ ጋር ካንጋሮዋን ፍለጋ ወጣሁ። ዮዋንግ የባሌ ወንድም ነው፤ የሬዲዮዋን ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ የያዘ ጫካ ጠባቂ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀስ በይ! ካንጋሮዋ እንኳ እንዳንቺ አትዘልም።»

«አፍህን ዝጋና መሣሪያህን አዳምጥ!»

ደመናው ዛፎቹን ውጧቸዋል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። መሣሪያው አደን እስከተከለከለበት ጫካ ጠርዝ ድረስ ወሰደን። እዚያ ቅጠል ላይ ማሰሪያው ብቻውን ወድቋል። አጠገቡ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዮዋንግ አገላብጦ አየው። «ኧረ ተነሺ! ማንም አልቆረጠውም። ጊዜው ሲደርስ ራሱ እንዲወልቅ ነው የተሠራው።»

«ታዲያ ከእንግዲህ እሷ መሆኗን በምን እናውቃለን?»

«ምን ያደርግልሻል? ከተከለለው ጫካ እስካልወጣች ማን ይነካታል?»

እውነቱን ነው፤ እዚያ ላናድን ለጠባቂዎቹ ቃል ከገባን ወዲህ ውሻ ይዞ ክልሉን የረገጠ የለም። ከክልሉ ውጭ ግን አደን አልተከለከለም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ይኸው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ደጄ ስደርስ የሥጋ ሽታ ተቀበለኝ። አማቴ ምድጃው ዳር ሆና ትስቃለች።

«ነይ እዪ፣ ልጅሽ በላች! የወንድሜ ውሻ ጎደሬው ማሳ ዳር አንዲት የዛፍ ካንጋሮ ያዘ። ደግሞ እንዳትቆጪ፣ ማሰሪያ የላትም፤ ራሴ አይቻለሁ።»

ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። አንገቱን ዘረጋሁት። ዙሪያውን፣ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት፣ ጠጉሩ ተፍቆ አልቋል።

አማቴ ጣቴ ያረፈበትን አየች፤ ሳቋ ጠፋ። ዮዋንግ ማሰሪያውን ከኪሱ አውጥቶ የተፋቀው ላይ አስቀመጠው፤ ልክክ አለ።

ኢሞንግ ዓይኗ በርቷል፤ ከንፈሯ በስብ ያብለጨልጫል። ሳህኗን ዘረጋችልኝ።

«እማዬ፣ ጨምሪልኝ።»