ፊሽካው ለማን አደላ?

ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ በገዛ ልጅህ ላይ ፊሽካ ነፍተህ ታውቃለህ? ያውም ሰው ሁሉ እያየ፣ ልጅህ ኳሱን ሊወረውር እጁን ባነሳባት ቅጽበት? ካልነፋህ ስለ አድልዎ ለመናገር አትቸኩል። ማንአልሞሽ ነፍታለች። የተነፋበት ልጇ እሴይም ዛሬ ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን እንደ እሱ የሚስቅ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በራዲዮ ነው። አቶ ፊሊጶስ በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ለሲያትልና ለአካባቢው ሐበሻ ፕሮግራም ያቀርባሉ። ድምፃቸው ያምራል፤ ይህን የሚጠላቸውም አይክድም። በሰኔ ወር በአንዱ እሁድ ግን ያንን ያማረ ድምፅ ይዘው የሰመር ውድድሮች ላይ ዘመቱ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወቱ ልጆች ሰባት ለሰባት ሆነው፣ ያለ ራስ ቁር፣ ያለ ግጭት፣ መወርወርና መቅለብ ብቻ የሚወዳደሩበት ጨዋታ አለ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ለማን እንደሚወረውር የሚወስነውና ቡድኑን የሚመራው ልጅ፣ አራት ሰከንድ ይሰጠዋል። እስከዚያ ካልወረወረ ፊሽካ ይነፋል፤ ተራው ተቃጠለ።

«ወገኖቼ፣» አሉ አቶ ፊሊጶስ፣ «ማንም የማይነካህ ሜዳ ላይ ጀግና መሆን ምን ይባላል? ጠላት በሌለበት መፎከር ነው! በመኸር እውነተኛው ጨዋታ ሲመጣ መቶ ኪሎ የሚመዝን ልጅ እየተንደረደረ ይመጣብሃል። ያን ጊዜ አራት ሰከንድ ማን ይሰጥሃል? ልጆቻችሁን ሒሳብ አስጠኗቸው!»

ማንአልሞሽ ድስት እያጠበች ነበር። ማማሰያውን እንደያዘች ወደ ራዲዮው ዞረች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰሙም? ልጁ በመኸር እየተገፋ ነው እንዴ ሜዳ ማንበብ የሚማረው? ሹፌር ፍሪዌይ ላይ ነው መሪ መያዝ የሚጀምረው?»

«ማኔ፣» አለ ባሏ ዘርእሰናይ ከሶፋው ላይ። «ራዲዮው አይሰማሽም እኮ።»

«ይሰማኛል! እንኳን እሱ ከሲያትል ማዶ ሊንውድ ያለው ሰውም ይሰማኛል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው።

አቶ ፊሊጶስ ያልተናገሩት አንድ ነገር ነበር። የራሳቸው ልጅ አቤል የእሴይ ቡድን ኳርተርባክ ነው። ያለፈውን ዓመት ሙሉ ተሰልፏል፤ ግዙፍ ነው፣ ቢገፉትም አይወድቅም፣ ሲወረውር ግን ኳሱ የት እንደሚያርፍ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። እሴይ ደግሞ ቀጭን ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አይቷል። አሰልጣኙ ለሁለቱም እኩል ነግሯቸዋል፦ ሰመሩን አያለሁ፣ ነሐሴ ላይ አንዱን እመርጣለሁ። እንግዲህ የአቶ ፊሊጶስ ስብከት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሰመሩ ከንቱ ከሆነ ያለፈው ዓመት ይጸናል።

የእሴይ ሰመር በቤቱ ውስጥ ሁሉ ይታይ ነበር። የሰው ሠራሽ ሣሩ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ በጫማው እየገባ ምንጣፉ ላይ፣ መታጠቢያው ውስጥ፣ አንድ ቀን ሽሮው ውስጥ ተገኘ። ማንአልሞሽ በየምሽቱ እየጠረገች ትቆጣለች፤ ጠዋት ደግሞ ራሷ «ተነስ፣ ልምምድ አለህ» ትለዋለች። ልጁ በዚያ ፍርፋሪ ልክ ሲለወጥ እያየች ነበር። አምና ኳስ ሲደርሰው የሚደነግጥ ልጅ፣ አሁን እራት ላይ ጨውና በርበሬውን እያሰለፈ «እዚህ ሲሄድ እዚያ ይከፈታል» እያለ ለአባቱ ያስረዳል። ዘርእሰናይ ምንም ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል።

ትልቁ ውድድር በሐምሌ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ተደረገ። አውሮፕላን በየደቂቃው ከራስ በላይ ዝቅ እያለ ያልፋል። ሰዓት የሚይዝ ሰው ስለጎደለ አስተባባሪዋ ፊሽካና የእጅ ሰዓት መቁጠሪያ ይዛ በወላጆቹ መሃል ዞረች። ማንአልሞሽ እጇን አወጣች። ሥራዋ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የተገጠመውን መመርመር ነው፤ ፊርማዋ ካላረፈበት አይታለፍም። ሰዓት መያዝ ምን ያቅታታል?

የተመደበችው ግን ልጇ በሚጫወትበት ሜዳ ላይ ነበር።

«እዚህ አይሆንም» አለች። «እዚህ የሚጫወተው ልጄ ነው።»

አስተባባሪዋ ሳቀች። «እዚህ የሁሉም ሰው ልጅ ነው የሚጫወተው» ብላት ወደ ሌላው ሜዳ ሮጠች። ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ አንተን የሚያቃጥልህ ነገር እሱን አይሞቀውም።

አቶ ፊሊጶስ በጠርዙ ላይ ስልካቸውን በማቆሚያ ተክለው ይቀርጹ ነበር። ፊሽካውን አንገቷ ላይ ሲያዩ ለአጠገባቸው ሰው፣ ግን እሷ እንድትሰማ አድርገው፣ «አይ እሴይ ታድሎ! እናት ሰዓት ይዛ ልጅ እንዴት ይሸነፋል?» አሉ።

«ምን አሉ አቶ ፊሊጶስ?»

«ምንም፣ እህቴ ማንአልሞሽ። ቀልድ ነው። ቀልድ እንኳ ተከለከለ እንዴ?»

ደሟ ፈላ። ሐበሻ ነህና ታውቀዋለህ። አስተማሪ የሆነ ሰው ልጁን በክፍሉ ካገኘው ከሌላው ይልቅ እሱን ይቀጣል፤ ሰብሳቢ የሆነ ሰው የወንድሙን እጅ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። «ለልጁ አደላ» ከመባል ልጅን መበደል ይቀለናል። ይህን ፍትሕ ብለን እንጠራዋለን፤ ለልጁ ግን ማንም አይነግረውም።

አሰልጣኙ ሁለቱን ኳርተርባኮች አንድ አንድ ዙር እያፈራረቀ ያስገባቸው ጀመር። መጀመሪያ እሴይ። ኳሱን ተቀበለ፣ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ እጁን አነሳ። ፊሽካ! ተቃጠለ። ሁለተኛ፣ እንደገና ፊሽካ። ሦስተኛው ላይ የአንድ ልጅ አባት «ሬፍ! ኮም ኦን!» ብሎ በዳኝነቷ ላይ ጮኸ። ማንአልሞሽ ዓይኗን ከሰዓቱ ላይ አላነሳችም። ልቧ ግን አብሮ ይቃጠል ነበር። የአንድ ዓመት ትዕግሥቱ እዚህ፣ በእሷ አፍ፣ ሲበተን እየሰማች ነበር።

አራተኛው ላይ እሴይ ወደ እናቱ አየት አደረገ። የሆነ ነገር የገባው መሰለ። ኳሱን ተቀበለ፤ ቀላቢው ገና ፊቱን ሳያዞር፣ ባዶ ቦታ ላይ ወረወረው። ልጁ ዞር ሲል ኳሱ እጁ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያው ሆነ። ይቀበላል፣ ይለቃል፤ ይቀበላል፣ ይለቃል። ፊሽካው ሊደርስበት አልቻለም። በግማሽ ፍጻሜው በአንድ ነጥብ ተሸነፉ፤ የመጨረሻውን ኳስ የቀለበውም አቤል ነበር። ኳርተርባክ በማይሆንበት ዙር አሰልጣኙ ቀላቢ አድርጎ ያስገባው ነበርና ያ ግዙፍ ልጅ በሁለት ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ኳሱን ሲያወርድ ሜዳው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። የአባቱ ስልክ ብቻ ነበር ያልተንቀሳቀሰው።

በመኪና ሲመለሱ እሴይ ጥብስ ድንች እየበላ ሳቀ።

«እማ፣ አሰልጣኙ ስለ አንቺ ምን እንዳለ ልንገርሽ?»

«ምን አለ?»

«እናቴ መሆንሽን አያውቅም። ‹ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ግን በየሳምንቱ ብትመጣልኝ እከፍላታለሁ› አለ።»

ለምን እንዲህ እንዳለ አልገባትም፤ ስድብ ይሁን ምርቃት ሳትለይ ቤት ደረሱ።

በነሐሴ መጀመሪያ አሰልጣኙ እሴይን መረጠ። ዘርእሰናይ በደስታ የሚነዳውን ታክሲ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጎ ለዘመድ ሁሉ ኮል አደረገ። በቀጣዩ እሁድ ግን ያ ያማረ ድምፅ እንደገና መጣ።

«ስም አልጠራም፣» አሉ አቶ ፊሊጶስ፣ «ግን በሰመር ውድድር እናት ሰዓት ይዛ ልጇን ስታስመርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ማስረጃም በእጄ አለ። እኛ ከአድልዎ ሸሽተን መጥተን አድልዎን እዚህ እንትከል?»

ስም አልጠሩም! በሲያትል ሐበሻ ዘንድ ስም አለመጥራት ከነአያት መጥራት ነው። በዚያው ቀን ማታ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ለእሴይ በስልክ «ማማ'ስ ቦይ»፣ የእናቱ ልጅ፣ የሚል የሕፃን ጡጦ ሥዕል ላኩለት። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ፍርፋሪውን ራሱ ጠረገና ክፍሉ ገባ። ማንአልሞሽን ያንገበገባት ይህ ነው። እሴይ ጠርጎ አያውቅም።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። አቤል ነው፣ መግቢያውን ሞልቶት።

«አንቲ፣ ሶሪ» አለ ጫማውን እያወለቀ። «አባዬ ያለውን ሰማሁ። ቪዲዮውን ግን አላየውም።»

«እንዴት አላየውም? ማስረጃ አለኝ አላለም?»

«ቀረጸው እንጂ አላየውም። ስልኬ ሞልቷል፣ አጽዳልኝ ብሎ ራሱ ሰጠኝ። እኔ ግን ሳላጠፋው አየሁት፣ ለእሴይም ላክሁለት።» ወደ እሴይ ዞረ። «ብሮ፣ አሳያት።»

ቪዲዮውን በቴሌቪዥኑ ላይ ከፈቱት። እሴይ ስልኩ ላይ ያለውን ሰዓት መቁጠሪያ ከጎን ያዘ። መጀመሪያ ወደ አቤል ዙር አለፉ። ኳሱ ተነሳ፣ ሰዓቱ ተቆጠረ፣ ፊሽካው ልክ አራት ላይ ተነፋ። ሌላኛውም አራት። ማንአልሞሽ አገጯን ከፍ አደረገች። «አላልኩም?»

ከዚያ ወደ እሴይ ዙር ተመለሱ። ፊሽካው ተነፋ፤ ሰዓቱ ሦስት ላይ ነበር። ሁለተኛውም ሦስት አልፎ ብዙም አልራቀ። ሦስተኛው ጭራሽ ሦስትም አልሞላ።

ዘርእሰናይ መነጽሩን አወለቀ።

«ማኔ፣ የልጅሽን ሰዓት የት አደረስሽው?»

«አላወቅሁም» አለች። እውነቷን ነበር። ጣቷ አራት ላይ እንደተጫነ በመስቀል ትምል ነበር። ወደ እሴይ ዞረች። «አንተስ? አውቀህ ነበር?»

«ሦስተኛው ላይ ገባኝ» አለ እሴይ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ዘረፍኩህ እኮ!»

«ብነግርሽ ታስተካክዪው ነበር። እኔ ደግሞ እየለመድኩት ነበር።» ትከሻውን ነቀነቀ። «በመኸር አራት ሰከንድ ማን ይሰጠኛል?»

የገዛ ልጇ የአቶ ፊሊጶስን ጥያቄ በአቶ ፊሊጶስ ቃል አምጥቶ፣ መልሱንም ቪዲዮው ላይ አስቀምጦላት ነበር። ሰውየው በአንዱ ነገር ልክ ነበሩ፤ አራት ሰከንድ ቅንጦት ነው። ይህን መቀበል እንደ ኮሶ መረራት፤ ግን ዋጠችው። ውድድሩ ከንቱ ነው ማለታቸው ግን ያው ውሸት ሆኖ ቀረ። ልጁ መቻኮልን የተማረው እዚያው፣ ማንም ሳይሰብረው፣ ስህተቱ ተራ ብቻ እያስከፈለው ነው።

«አንተስ አቤል?» አለች። «ቦታህን ወሰደብህ። አልከፋህም?»

«አንቲ፣ እኔ መወርወር አልወድም። መቅለብ ነው የምወደው። ለአባዬ መንገር ነው የከበደኝ።»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

«ማኔ» አለ ዘርእሰናይ በልመና።

«ተወው አልኩ እንጂ እነግራለሁ አልኩ? የልጁን ልጁ ይንገር። የእኔን እኔ እናገራለሁ።» ከዚያ ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ ግን ሶፋውን ይዛ። እሴይ ሳቀ፣ አቤል ሳቀ፣ ዘርእሰናይም የሚስቁበት ባይገባውም ሳቀ። አቤል የቀረውን ሽሮ ጠርጎ በልቶ ሄደ።

እሁድ ማንአልሞሽ ሳትቆጣ ወደ አቶ ፊሊጶስ ፕሮግራም ደወለች። ይህ ዘርእሰናይን ከቁጣዋ የበለጠ አስፈራው። መስመር ላይ አቆዩዋት፤ አንድ ዘፈን አስደመጧት፣ ሌላ ዘፈን ጨመሩ። አልዘጋችም። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ የጎማ ፍርፋሪ ከምንጣፉ ለቀመች። እሴይ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ራዲዮውን ከፍ አደረገ።

«ሄሎ፣ አድማጫችን በአየር ላይ ነዎት» አሉ አቶ ፊሊጶስ።

«ማንአልሞሽ ነኝ፣ ከሬንተን። የእሴይ እናት። ስም አልጠራም ብለው የጠሩኝ።»

«እህቴ ማንአልሞሽ! እንኳን ደህና መጣሽ። ነገሩ እኮ...»

«አላስቸግርዎትም። ባለፈው እሁድ አድልዎ ነበር ብለዋል። ልክ ነዎት፣ ነበር። እኔም በሕዝብ ፊት አምኛለሁ። ማስረጃው በእጄ አለ ብለዋል፤ እሱም እውነት ነው፣ ስልክዎ ውስጥ አለ። እንግዲህ ይክፈቱት። አጠገቡ ሰዓት ያስቀምጡ። ለልጅዎ ለአቤል ስንት ሰከንድ ሰጠሁ? ለልጄስ?»

ከራዲዮው ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከሶፋው ላይ እሴይ ትራሱን አፉ ላይ ይዞ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«እየጠበቅኩ ነው አቶ ፊሊጶስ» አለች ማንአልሞሽ፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ይዛ። «ዘፈን እንዳያስገቡብኝ። የሲያትልም፣ የሬንተንም፣ የሲታክም ሰው እያዳመጠዎት ነው። ፊሽካው ለማን ነበር ያደላው? በዚሁ ማይክሮፎን፣ አሁን፣ ይመልሱ!»