ቦራና የይኸነው «አለሁ»

በዚያ የነሐሴ ጠዋት ይኸነው ፈረሱን ያልለመነበት መንገድ የለም። ገብስ በሰፌድ ይዞ ለመነው። ጨው በመዳፉ ይዞ ለመነው። በመጨረሻ ባዶ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ «ስለ ማርያም» እያለ ለመነው። ቦራ እቴ! ሰውየው አንድ እርምጃ ሲቀርበው እሱ ሁለት ይርቃል። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ዝናብ የሚወርድበትን ጎኑን ከአጥሩ አስጠግቶ በአንድ ዓይኑ ብቻ ያየዋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁ ትንፋሽ አጥሯታል። ፀደይ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለውም። ሰሞኑን ጉንፋን ነው ሲሉ፣ ብርድ ነው ሲሉ ሰንብተው፣ ዛሬ ሲነጋ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። ከንፈሯም ጠቆረ። ጎረቤታቸው እማማ ወርቅነሽ ገብተው ደረቷን ዳሰሱና ፊታቸውን አዞሩ።

«ይኼ የሳንባ ነው። እኔ ሁለት ቀብሬበታለሁ» አሉ። «ዛሬውኑ ቆሰበር ሆስፒታል ካልገባች፣ ልጄ፣ ነገ እኔን ለምክር አትጥራኝ።»

መንገዱስ? ከይኸነው ቤት እስከ ዘንገናው አስፋልት በደህና ቀን ሩቅ አይደለም፤ አስፋልቱ ላይ ከወጡ ሚኒባስ አይጠፋም። ግን መካከል ላይ ወንዝ አለ። የግንዱን ድልድይ ሐምሌ ጠርጎ ወስዶታል፤ ከዚያ ወዲህ በፈረስ እንጂ በእግሩ የተሻገረ የለም። ስልክ እንዳይሉ ኔትወርክ የለም። ቃሬዛ የሚሸከም ወንድ እንዳይሉ፣ አገሩ ሁሉ ወንዝ ማዶ ነው። የፈረሰኞች ማኅበሩ አንጋፋ ጋሽ ደርበው ሞተው፣ አባላቱ ፈረሳቸውን በጌጥ ሸልመው ገና በጠዋት ወደ ለቅሶው ተሻግረዋል። በወጉ የሟቹ ፈረስ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ከፊት ይሳባል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ። እንዲህ ካለው ለቅሶ የሚቀር ፈረሰኛ የለም።

የቀረው ይኸነው ብቻ ነው። ፈረስ እያለው ፈረስ የማይወጣ ፈረሰኛ! በእግሩ ሄዶ መሳቂያ ከሚሆን ብሎ «ታሟል በሉልኝ» አለና ቤቱ ተቀመጠ። በአፉ የጠራው በሽታ መምጣቱ አልቀረም፤ እሱን ትቶ ልጁን ያዘ።

ቦራ እንዲህ አልነበረም። ይኸነው ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ፈረስ ነው፤ ሲያሠለጥነውም አንድ ቃል ብቻ ነበረችው። ነጎድጓድ ሲያስደነግጠው «አለሁ» ይለዋል። ገደል አፋፍ ሲደርሱ «አለሁ»። ጅብ ሲጮህ «አለሁ»። ቦራ ያችን ቃል ሲሰማ አንገቱን ዝቅ ያደርግና ወዳሉት ይሄዳል። ከይኸነውና ከትንሿ ፀደይ በቀር ግን ጀርባው ላይ ሰው አያስቀምጥም። ጥር ላይ፣ ለጊዮርጊስ፣ ሜዳው በፈረስ ሲጥለቀለቅ «ያለ አለንጋ የሚጋልብ ይኸነው ብቻ ነው» ይባልለት ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ይሉኝታ የሚሉት ገዳይ አለ። ባለፈው የካቲት ሰውነት የሚባለው የአጎቱ ልጅ ዳንግላ ላይ ሲያገባ፣ «ሙሽራው በቦራ ካልሄደ በምን ይሄዳል?» ተባለ። የይኸነው ሆዱ እምቢ አለ። አፉ ግን «እንዴታ!» አለ፤ ዘመድ ምን ይለዋል? ቦራ ባዕድ ሰው አላስቀምጥ ብሎ ሲፈራገጥ፣ ይኸነው ራሱ ሁለት ጉንጩን ይዞ «አለሁ የኔ ጌታ፣ አለሁ» አለው። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሙሽራው ወጣ። ቀጥሎ ጠላ የጠገቡት ሚዜዎች በየተራ መጡ፤ ለሁሉም ይኸነው ጉንጩን ይዞ «አለሁ» አለላቸው። በኋላማ ያንንም ትቶ ዳስ ገብቶ ይበላ ጀመር።

ሰርጉ አልቆ ሲረከበው የቦራ አፍ በልጓም ተሰንጥቋል፣ ጎኑ በአለንጋ ተተልትሏል፣ ጀርባው ተልጧል። ቁስሉስ ዳነ። «አለሁ» ሲባል ግን ጥይት እንደተተኮሰበት ይሸሻል። እውነቱን እንነጋገርና፣ ማን ይፈርድበታል?

እንቁ፣ የይኸነው ሚስት፣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ወደ ደጅ ወጣች። ባሏ በዝናብ ውስጥ ገብስ ይዞ መቆሙን ስታይ ንዴቷ ገነፈለ።

«ሰካራም ሲጋልበው እምቢ ማለት አቃተህ! ዛሬ እሱ እምቢ ቢልህ ይገርምሃል? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይሉ ነበር። የኛው ማድረሱንም ተወው!»

ይኸነው ትከሻው ላይ የነበረውን ልጓም ጭቃው ላይ ጣለ። ፀደይን ተቀብሎ ታቀፈና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ቦራ ሊሸሽ እግሩን አነሳ። ወዲያው የልጅቱ ሽታ ደረሰው መሰለኝ፣ አፍንጫውን ዘረጋ። ጠዋት ጠዋት ከቁርሷ የምታካፍለው እሷ ናት። ፀደይ ዓይኗን ሳትገልጥ ከጋቢው እጇን አውጥታ ከንፈሩን ነካችው። ቦራ ቆመ።

ጀርባው ላይ ቁራጭ ደበሎ ጣል አድርገው፣ ልጅቱን ደረቷን በአንገቱ ላይ አስደግፈው አስቀመጧት። እንቁ ነጠላዋን ከአንገቱ ጋር፣ መቀነቷን በሆዱ ዙሪያ አዙራ ጠፈረቻት። ይኸነው ከኋላዋ ተቀምጦ ሊይዛት ፈልጎ እጁን ጀርባው ላይ ሲያሳርፍ ግን ቦራ ዘሎ ተወረወረ። ልጅቱ ወደ ጎን ተንጠለጠለች።

«በቃ! በቃ፣ ተውኩ!» አለ ይኸነው ሁለት እጁን አንስቶ። መልሰው አቃኗት።

እሱ ከፊት መራ። ቦራ ሳይጎተት፣ ርቀቱን ጠብቆ ተከተለው። እንቁ የልጇን እግር ይዛ ከጎን ትሄዳለች፤ እማማ ወርቅነሽ ከአጥሩ በር ላይ ሆነው በአገውኛ እየጸለዩ ቀሩ።

ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድና ሣር እየጠቀለለ ይወርዳል። ይኸነው እንቁን «አንቺ እዚሁ ቆዪ» አላትና ከቦራ በስተኋላ ዞሮ ጭራውን ያዘ። የፈረስ ጭራ ይዞ ወንዝ መሻገር የቆየ ዘዴ ነው፤ የሚያምንህ ፈረስ ከሆነ ማለቴ ነው። ቂም ከያዘ ፈረስ ሰኮና ፊት ደረቱን የሚሰጥ ግን ሞቱን የፈለገ ሰው ብቻ ነው። ይኸነው ሰጠ። ቦራ አንገቱን አዙሮ አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው። አልረገጠውም። ወደ ውሃው ገባ።

እስከ ወገብ ድረስ ደህና ነበሩ። መካከሉ ላይ የይኸነው እግር መሬት አጣ። ክብደቱ የፈረሱን ቂጥ ወደ ታች ወደ ጎርፉ ጎተተው፤ የፀደይ እግር ውሃ ውስጥ ገባ፣ ቦራ ተንገዳገደ። እንግዲህ ወይ ሦስቱም ነው፣ ወይ አንዱ። ይኸነው ጭራውን ለቀቀ።

ውሃው ገልብጦ፣ አንከባሎ፣ ታች ካለው ቁጥቋጦ ሥር ወረወረው፤ የተወረወረውም በተነሳበት በኩል ነው። እንቁ በሸሚዙ አንገት ይዛ ጎትታ አወጣችው። ቀና ሲል ቦራ ማዶ ወጥቷል። ፀደይ አንገቱ ላይ ተደፍታለች።

ጎሽ የኔ ልጅ! ሂድ እንግዲህ፣ ሂድ ወደ አስፋልቱ፣ ሂድ ወደ ሰዉ! ቦራ ግን አልሄደም። ሰውነቱን አራገፈና ዞረ፤ ፊቱን ወደ ይኸነው መልሶ ቆመ። ጠበቀው። ከሰርጉ ወዲህ ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

«ሂድ!» ጮኹ። አጨበጨቡ። ድንጋይ ወረወሩ፣ ውሃው መሐል ቀረ። ከኮረብታው ጀርባ የለቅሶው እንቢልታ ይሰማል፤ ሰው ያለው እዚያው ነው፤ ፈረሱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ዝናቡ እንደገና ጠነከረ። የፀደይ እጅ በቦራ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ባልና ሚስቱ እኩል ተያዩ። ቦራን የሚያባርረው ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ከደነበረ ትወድቃለች» አለ ይኸነው።

«ከቆመ ትሞታለች። በለው!»

«አሁን ገና አመነኝ እኮ፣ እንቁ! አሁን ገና…»

«በለው አልኩህ!»

ይኸነው በሁለት እጁ አፉን ከቦ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «አለሁ! ቦራ፣ አለሁ!»

የቦራ ጆሮ ተለጠፈ። አንድ አፍታ እንደ ድንጋይ ደርቆ አየው። ከዚያ ዞሮ ዳገቱን በግልቢያ ተያያዘው፤ ልጅቱ ጀርባው ላይ እንደ ሰልቻ እየተናጠች ኮረብታውን ዞረው ጠፉ። ይኸነው መጮሁን አላቆመም። ወዲህ ማዶ ቆሞ አለሁ ይላል! የት ነው ያለኸው፣ አንተ ሰውዬ? ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸና ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለጠላት አይስጥ። ዝናቡ አባራ፣ ወንዙ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ እንቁ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ይኸነው የሚያስበው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ወድቃ ይሆናል፣ ደግሞም ያን እንስሳ ዳግመኛ ከዳሁት። ለመሻገር ሁለቴ ገብቶ ውሃው ሁለቴ መልሶ ተፋው።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከኮረብታው ጫፍ ቦራ ብቅ አለ። ጀርባው ባዶ ነው። የእንቁ ነጠላ ከአንገቱ ተንጠልጥሎ መሬት ይጠርጋል።

ይኸነው ስንት ባዶ ፈረስ ተከትሎ አልቅሷል! ባዶ ጀርባ ምን ማለት እንደሆነ ለፈረሰኛ አይነገረውም። እንቁ ያወጣችው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር፤ ፊቷን በጥፍሯ ያዘች።

«እንቁ! ኧረ በማርያም፣ እንቁ! አለች! ልጅሽ አለች!»

ጎረቤታቸው አዝመራው ነው፤ ከቦራ ኋላ ፈረሱን እየጋለበ ቁልቁል ይወርዳል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ከማዶ ነገራቸው። ቦራ ለቅሶው መሐል ዘሎ ገባ። ሕዝቡ ደንግጦ ከበበው፣ ልጅቱን ፈቱ፣ የአዝመራው ሚስት ሚኒባስ አስቁማ ቆሰበር ይዛት ገባች። ኦክስጅን ተደርጎላታል። «ኔትወርክ ካለበት፣ ከኮረብታው ማዶ ሳለሁ ደውላ ነበር፤ ትንፋሿ ተመልሷል!»

እንቁ መሬቱን ሳመች። ይኸነው ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ፈረስህን ግን ሰው ሊይዘው አልቻለም፤ ይኸው እዚህ ድረስ እየሸሸን መጣ» አለ አዝመራው። «በል ጥራው!»

ይኸነው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። የሚጠራበት ቃል አልነበረውም፤ የነበረችውን አንዲት ቃል ራሱ ነው ያበላሻት። እንደተንበረከከ ማዶ ማዶ እያየ ቀረ።

ቦራ ውሃውን አሸተተ። አንድ እግሩን አስገባ፣ አወጣ። ደግሞ አስገባ። ማንም ሳይጠራው ወንዙን ሰንጥቆ ተሻገረ፤ ውሃ እያንጠባጠበ ይኸነው ፊት መጥቶ ቆመና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ግንባሩን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

ይኸነው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እጁን ግን አላነሳም፤ እንዳይሸሽበት ፈራ።