የልመንህ መሬት ማክሰኞ ይታረሳል

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ሙላው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ። ድምፅ ማጉያውን እፍ አለበት፤ ኮፍያውን አወለቀ። ሰዉ ጸጥ አለ። ሰው ሞቷል መስሏቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁም ነበሩ።

«የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች! በመጪው ማክሰኞ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ መሬት ይታረሳል!»

ወሩ ሰኔ ነው። በሰኔ ጋይንት ላይ ቆሞ መሬት ይታረሳል ብሎ ማወጅ፣ በሐምሌ ዝናብ ይጥላል ብሎ እንደ ማወጅ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሙላው ግን አልጨረሰም። የሚታረሰው በጦርነቱ የተሰዋው የወጣት ልመንህ መሬት ነው፤ ጀግናው ከሄደ ጀምሮ ጦሙን ያደረ መሬት ነው፤ ቀበሌው ቃሉን አክብሮ በደቦ ያርስለታል። ከንፋስ መውጫ እንግዶች ይመጣሉ፤ ካሜራም ይኖራል፤ ስለዚህ ልብስ ይታጠብ።

የልመንህ እናት ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መሀል ሆና ይህን ሰማች። መሬቱ ጦሙን አላደረም። ባለፈው ሐሙስ ገብስ ተዘርቶበታል። ዘሩም ጎተራው ተጠርጎ የወጣ የመጨረሻው ዘር ነው፤ እሱ ከተገለበጠ ለከርሞ በዚያ ቤት የሚቀመስ የለም።

ይህንን እዚያ የቆመ ወንድ ሁሉ ያውቃል። አውቃለሁ የሚል ግን አልነበረም።

ልመንህን የወሰዱት ከሞፈር ላይ ነው። ሙላው ራሱ ታጣቂዎች አስከትሎ እርሻው ድረስ መጣ። ልጁ «ትልሙን ልጨርስና» ቢለው፣ «ግዴለህም፣ እኛ እንጨርሰዋለን፤ የናትህ መሬት ጦሙን አያድርም» አለው። በነጋታው ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ይህንኑ ማለ። የሄደው ጥርሱ ፍንጭት፣ በፍንጭቱ እያፏጨ በሬ የሚነዳ፣ ጅራፍ የሚጠላ ሳቂታ ልጅ ነበር። የመጣው መርዶ ነው። ማንጠግቦሽ «የት ተቀበረ?» ብላ ብትጠይቅ «በክብር» አሏት። «እሱስ ይሁን፤ አገሩ የት ነው?» አለች። መርዶ ነጋሪዎቹ ለአገሩ አልተዘጋጁም ነበር።

ትልሙን ሊጨርስ የመጣም አልተገኘም። ድንበርተኛቸው እሸቱ ብቻ ብቅ ብሎ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ «ምን ይደረግ እንግዲህ፣ እኔ በእኩል ልረስልሽ» አላት። ለሐዘኑ የምርቱን ግማሽ ማለቱ ነው። ይሄኔ ሴት ልጇ ሰብለ፣ «እማ፣ እኔ እጅ የለኝም?» አለች።

ሴት በሬ ጠምዳ ስታርስ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሰብለም እንዳትታይ ጉሙ ሳይገለጥ እየወጣች የወንድሟን እርፍ ጨበጠች። ጅራፍ አልያዘችም፤ ወንድሟ እንዳስተማራት እያፏጨች ነዳች። አንድ ጧት እሸቱ ከፊቷ ድቅን አለ። ሞፈሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ «እኔን! ጅራፌን ረስቼ!» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጅራፉ ትከሻው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ወንድ በሙሉ በዚያ በኩል ሲያልፍ አንድ ነገር ቤቱ የሚረሳ ሆነ። አይቻለሁ ያለ ማገዝ ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ ያየ የለም። ማንጠግቦሽም የሰብለ ስም እንዳይነሳ ፈርታ፣ ለጠየቃት ሁሉ «ዘመድ ነው የሚያርስልን» እያለች ክረምቱን በክረምት ላይ ደረበች።

ሰኞ በማለዳ ሙላው ቤት ሄደች።

«አንተ ሙላው፣ መሬቱ ተዘርቷል። አትገልብጡብኝ።»

«ማን ዘራው፣ እማማ?»

«ዘመድ።»

«የትኛው ዘመድ? ስሙን ይንገሩኝና ለእንግዶቹ ላስተዋውቀው። መቼም ሴት ልጅ አርሳው አይሆን።»

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«አዩ አይደል? ጦሙን ያደረ ተብሎ ሪፖርቱ ሄዷል። ደግሞ ጥቂት ትልም ነው፣ ለካሜራው። የተበላሸውን ዘር እንተካለን።»

«እንደ ልመንህ?»

«ምን አሉኝ?»

«እንደ ልመንህ ነው የምትተኩት? ከትልም መሀል የወሰድከው ልጅ ዛሬ ስንተኛ ክረምቱ ነው? አንድ ቀን በሬህን ነድተህ መጥተሃል? የራስህን ልጅ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ሸሽገህ የኔን አስረክበህ፣ አሁን ደግሞ በስሙ ልትመሰገን አማረህ?»

«ሐዘን ነው፣ እማማ። እኔ አልቀየምዎትም» አለ ሙላው። ይቅር ባይ ሰው ነው።

ማክሰኞ እንግዶቹ መጡ። ከእርሻው ራስ ላይ የልመንህ ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር በሁለት እንጨት ተወጠረ። ማንጠግቦሽ ቀረብ ብላ አየችው፣ ራቅ ብላም አየችው።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ልመንህ ነዋ፣ እናቴ» አለ ካሜራ የያዘው ወጣት።

«ጥርሱስ?»

«እሱን ኤዲት አድርገነው ነው። ፍንጭቱ ለባነር አያምርም።»

በሕይወት ዘመኑ የሳቀበትን ፍንጭት ደፍነውለታል። ማንጠግቦሽ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ሙላው ግን ንግግሩን ጀምሮ ነበር። ልመንህ ማንም ሳይጠራው ቀድሞ የተነሳ፣ «ትልሙ ይቆየኝ፣ አገር ትቅደም» ብሎ ሞፈሩን የጣለ ጀግና መሆኑን ተናገረ። ልጁ የተወሰደ ለት እዚያ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። እሸቱ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ።

ለክብሩ ሲባል የተጠመዱት የልመንህ በሬዎች ናቸው፤ ቡሬና ዳልቻ። ሙላው በታጠበ ጃኬቱ እርፉን ጨበጠና «ሂድ!» አለ። በሬዎቹ ቆሙ። ደገመ። ቆሙ። አንዱ እንግዳ ሰዓቱን አየ።

ሙላው ወደ ካሜራው ዞረ። «ጌታቸውን ነው የሚጠብቁት። ከሱ ወዲህ ሞፈር ያስነካቸው የለም። እንስሳ እንኳ ያዝናል፣ ወገኖቼ!»

እንግዶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወንዶቹም ቡሬ ጫንቃ ላይ ቀንበር የላጠውን ትኩስ ቁስል እያዩ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

እሸቱ ጅራፉን ይዞ ለማገዝ ገባ። ሰብለ ከሴቶቹ መሀል ጥርሷን ነክሳለች። ጅራፉ ቡሬ ጀርባ ላይ ጮኸ፤ በሬዎቹ ደንብረው ተፈናጠሩ፤ ማረሻውም መሬቱን ቦደሰው። ከተገለበጠው አፈር ላይ ገብሱ ታየ። በቅሏል፤ ነጭ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተኝቷል።

ማንጠግቦሽ አየችው። ከዚያ ባነሩን አየች። ከዚያ ወደ ሰብለ ጠጋ አለች።

«አፏጪላቸው።»

«እማ... ሰው አለ።»

«አፏጪላቸው አልኩሽ። ስምሽ እንዳይነሳ ያልኩት ይቅር።»

ሰብለ አፏጨች። የልመንህ ፉጨት ነው፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ መሰበር የሚል። በሬዎቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ ሙላውን ከነእርፉ እያንገዳገዱ፣ ድንበሩን ታክከው፣ እንግዶቹን ለሁለት ከፍለው መጥተው ሰብለ ፊት ቆሙ። ቡሬ ግንባሩን ደረቷ ላይ አሳረፈ። እሷም ሳታስበው እጇ ቀንበሩ ላይ ነበር።

ካሜራው ይቀርጻል። የዳልቻ የኋላ እግር ግን ከድንበሩ ወርዶ የተዘራውን ሊረግጥ ሆነ፤ እሸቱ፣ ገበሬ ነውና፣ አላስቻለውም።

«ኧረ ሰብለ፣ በቀኝ አዙሪያቸው እንጂ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርጊው!»

ሙላው ወደ እሱ ዞረ። እንግዶቹም ዞሩ። እሸቱ «እኔን...» አለና ጅራፉን ፍለጋ ትከሻውን ይደባብስ ጀመር። ጅራፉ በእጁ ነበር።